አክስቴ በፍሮይድ ቤት

በርግጋሴ የሚባለው የቪየና መንገድ ቁልቁለት ነው። ጉልበቷን የሚያማትን ሴት ደግፈው በዝናብ የሚወርዱት ዓይነት አይደለም። እኔና አክስቴ ግን የወረድነው በዝናብ ነው፤ ለሁለታችን አንድ ዣንጥላ፣ እሱም ሽቦው የወለቀ። ዲ የሚባለው ትራም እስከ ቤቱ አቅራቢያ ሊያደርሰን ይገባ ነበር፤ ዋናው መንገድ በሰልፍ ተዘግቶ ስለነበር ግን መሀል ላይ አውርዶን ቀረ። ሾፌሩ በድምፅ ማጉያው አንድ ሁለት ነገር ተናገረ፣ ሰዉ ምንም ሳይል ወረደ፣ አክስቴም "ነይ ውረጂ፣ ከዚህ በኋላ በእግር ነው" አለችኝ።

አውሮፕላኔ የሚነሳው ማታ ነበር። ከሥራ ስብሰባ ስመለስ ቪየና ላይ አንድ ቀን የመዋል ዕድል አገኘሁና፣ አክስቴ ለእኔ ብላ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ ወሰደች። ጠዋት ቁርስ ላይ "የት ልውሰድሽ?" ስትለኝ የንጉሡን ቤተ መንግሥት ወይም የቅዱስ እስጢፋኖስን ካቴድራል እላለሁ ብላ ነበር የጠበቀችው።

"ፍሮይድ ቤት" አልኳት።

"እሱ ደግሞ ማነው?"

"ሐኪም ነበር፣ እትዬ። ሰው አስተኝቶ የሚያዳምጥ።"

"አዳምጦስ?"

እሱን ነው እንግዲህ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረው።

እኔ ፍሮይድን መጀመሪያ ያወቅሁት በግማሽ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ኢድ፣ ኢጎ፣ ሱፐር ኢጎ የሚሉትን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ከሥራቸው አሰመሩበት፣ "ለፈተና ያዙት እንጂ ጊዜው ያለፈበት ነው" አሉንና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፉ። መጻሕፍቱን ራሳቸውን ያነበብኩት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። የሳበኝ ንድፈ ሐሳቡ አልነበረም፤ የሥራው አኳኋን ነው። ሌሎች ሐኪሞች "ምንም የለብሽም" ብለው የሚያሰናብቷትን ሴት ተቀብሎ፣ ሰዓቱን ሰጥቶ፣ "ወደ አእምሮሽ የመጣውን ሁሉ ሳትመርጪ ንገሪኝ" ማለቱ። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱን የከፈተችው ደግሞ ታማሚ ናት። በርታ ፓፐንሃይም የምትባል የቪየና ወጣት እ.ኤ.አ. በ1880 የታመመ አባቷን ስታስታምም ራሷ ታመመች። ክንዷ አልታዘዝ አለ፣ ሳል ያዛት፣ አፍ የፈታችበት ጀርመንኛ ጠፍቷት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበት ጊዜ መጣ። ዮሴፍ ብሮየር የተባለው ሐኪሟ ማታ ማታ እየመጣ ያዳምጣት ነበር። ተናግራ ስትጨርስ ይቀላታል፤ ነገሩን "የንግግር ሕክምና" ብላ የሰየመችው ራሷ ናት። ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ "አና ኦ." በሚል ስም ታሪኳን ሲያወጡ ፈጽማ የዳነች አስመስለው አቀረቡት። እውነቱ ግን ብሮየር ማከሙን ካቆመ በኋላም የሕሙማን ማረፊያ ገብታ ነበር። ኋላ ተነስታ የሰው መከታ ሆነች፤ በ1904 በጀርመን የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር የመሠረተችው እሷ ናት። ታሪኳ ተጋንኗል፤ መናገሯ ግን አቅልሎላታል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይገባም።

ቁጥር 19 ስንደርስ ጫማችን ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። ፍሮይድ በዚህ ቤት ከ1891 እስከ 1938 ኖሯል። ስሙን ያስጠራው የሕልም ፍቺ መጽሐፉ የወጣው እዚህ ሲኖር ነው፤ በ1899 መጨረሻ 600 ቅጂ ታትሞ፣ ያን ሸጦ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው፣ ለትኬቱም ወረፋ አለ። ኮታችንን አስረክበን ገባን። መጀመሪያ ታካሚዎች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል አለ፤ የክፍሉን ዕቃዎች ሙዚየሙ በ1971 ሲከፈት ልጁ አና ፍሮይድ ናት የመለሰችው። አክስቴ ጉልበቷን ይዛ ከወንበሮቹ በአንዱ ልትቀመጥ ስትል ጠባቂው በትሕትና ከለከላት። ቀጥሎ ሕክምናው ይሰጥበት የነበረው ክፍል ነው። እሱ ባዶ ነው።

"ታዲያ አልጋው የታለ?" አለችኝ አክስቴ።

ድንክ አልጋው ያለው ለንደን ነው። ሂትለር በመጋቢት 1938 ኦስትሪያን ሲይዝ ፍሮይድ 82 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ የመንጋጋ ካንሰር ያደከመው አይሁዳዊ ሽማግሌ ነበር። ቤቱ ተበረበረ፣ ልጁ አና በናዚዎቹ የምሥጢር ፖሊስ በጌስታፖ ተጠርታ ተመረመረች። ሊወጣ ሲሰናዳ ኤድመንድ ኤንገልማን የተባለ ወጣት ፎቶ አንሺ፣ ጌስታፖ ቤቱን እየጠበቀ፣ በድብቅ ገብቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አነሳ። ብልጭታ በውጭ እንዳይታይ መብራት እንኳን አልተጠቀመም። ያ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የምናውቀው በእሱ ፎቶዎች ነው። አክስቴ ፎቶው ላይ ጎንበስ ብላ አየች። የፋርስ ምንጣፍ ለብሶ፣ ትራስ የተደራረበበት ድንክ አልጋ። ከራስጌው ኋላ ወንበር።

"የእናቴን መደብ ይመስላል" አለች። ቀጥላም "እሱ ከኋላ ነው የሚቀመጠው?"

"አዎ። ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው እንደማይችል ራሱ ጽፏል።"

"ለሚናገረውም ይሻላል" አለች። ብዙ ሊቃውንት ስለዚህ አቀማመጥ ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ እኔ ግን ነገሩ በሚናገረው ሰው በኩል እንዴት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

"ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ነው የወጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሚስቱንና ልጆቹን፣ አልኳት። አራት አሮጊት እህቶቹ ግን እዚሁ ቪየና ቀሩ። እሱ በመስከረም 1939 ለንደን ላይ ሞተ፤ እነሱን ናዚዎች ወስደው በካምፖቻቸው ጨረሷቸው።

"አራቱንም?"

"አራቱንም።"

ከዚያ በኋላ ሌላውን ክፍል አላየችም። እኔም አላየሁም።

ከቤቱ ወጥተን ያገኘነው የመጀመሪያው ቡና ቤት ሞልቶ ነበር። የቀረው በመስኮቱ ትይዩ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ መንገድ የሚያይበት ቦታ ብቻ ነው። ተቀመጥን። ቡናው መጣ። አክስቴ ስኳሩን ጨምራ ለረጅም ጊዜ አማሰለችው። ዝናቡን እያየች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እኔም እኮ ትቻት ነው የመጣሁት" አለች።

ቤተሰባችን የሚያውቀው ታሪክ እንዲህ ነው። አክስቴና ታናሽ እህቷ በ1977 ዓ.ም. በመተማ በኩል በሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ፤ ታናሺቱ መጠለያው ውስጥ በወባ ሞተች፤ አክስቴ ብቻዋን ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ ኦስትሪያ ሄደች። እናቴ ለሟቿ ተዝካር አውጥታለች። አክስቴ ያን ቀን የነገረችኝ ግን የጭነት መኪና በመጣበት ሌሊት እህቷ በሕይወት እንደነበረች ነው። አንድ ሰው የሚጭን ቦታ ነበር። ሌሎች ሰዎች "አንቺ እንኳን ትረፊ" ብለው ገፍተው አሳፈሯት። የሞቷን ወሬ የሰማችው ካርቱም ከገባች በኋላ ነው። "ነጠላዋን ደርቤላት ነው የተነሳሁት" አለችኝ። "እጇ ይሞቅ ነበር።" ይህን እስከዚያ ቀን ለባሏም፣ ለልጇም፣ ለንስሐ አባቷም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች። ሌሊት ሌሊት የመኪና ሞተር በሕልሟ እየሰማች ትነቃለች።

ሻንጣዬን ከአክስቴ ቤት አንስቼ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ የነበረብኝ ሰዓት ሲደርስ አይቻለሁ። ሰዓቱ ከአስተናጋጁ ጀርባ ግድግዳው ላይ ነበር። አክስቴም አየችውና "ተነሺ፣ ያመልጥሻል" አለችኝ። "ጨርሺ" አልኳት። ቀጠለች። በዚያች ጠረጴዛ ላይ የቆየነው አስተናጋጁ ወንበር መገልበጥ እስኪጀምር ነው። አየር መንገዱ ያመለጠኝን ትኬት ዋጋ የለውም ብሎ ሌላ አስገዛኝ፤ ከኪሴ የወጣው ገንዘብ ለወራት ተሰምቶኛል። ሰኞ ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ፤ አለቃዬ ምክንያቴን ጠይቆ "የቤተሰብ ጉዳይ" ስለው ፊቱን አጠቆረብኝ። ያን ሁሉ ችያለሁ። ሰው አርባ ዓመት ይዞት የኖረውን ነገር መናገር ሲጀምር የሚነሱበት አውሮፕላን የለም።

ያን ማታ ቤት ስንመለስ የአክስቴ ልጅ የት እንደዋልን ጠየቀን። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ማስረጃ ያላየለትን ነገር የማይቀበል ልጅ ነው። ሌላውን አልነገርነውም፤ የፍሮይድን ቤት ብቻ ነገርነው። ወዲያው ተነሳብኝ። "ያ እኮ ሳይንስ አይደለም" አለኝ፣ "ፈላስፋው ካርል ፖፐር እዚሁ ቪየና ተወልዶ፣ እዚሁ ነው የጨረሰው።" እውነቱን ነው። ፖፐር ራሱ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። በ1919፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ከፍሮይድ የተለየውን አልፍሬድ አድለርን ቀርቦ ያውቀው ነበርና ስለ አንድ ሕፃን ነገረው። አድለር ልጁን በዓይኑ እንኳን ሳያይ በበታችነት ስሜት ንድፈ ሐሳቡ ተነትኖ አስቀመጠው። ይህን በምን እርግጠኛ ሆንክ ቢለው ከሺህ ጊዜ ልምዴ አለው። ፖፐር ከዚያ ያገኘው ትምህርት፣ ምንም ነገር ቢመጣ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ሊፈተን አይችልም የሚል ነው።

ለአክስቴ ልጅ ያልኩት፣ ያ ታሪክ እኔንም ይደግፋል ነው። የአድለር ጥፋት ሳይሰማ መተርጎሙ ነው። ፍሮይድም ራሱ የወደቀው እዚያው ላይ ነው። በ1900 መጸው ዶራ ብሎ የጻፈላትን የ18 ዓመት ልጅ አባቷ አምጥቶ ሰጠው። አንድ የአባቷ ወዳጅ ይዳፈረኝ ነበር አለች። ፍሮይድ ነገሩ መፈጸሙን አመናት፤ ግን "በልብሽ ትወጂዋለሽ" እያለ የራሱን ፍቺ ጫነባት። ከ11 ሳምንት በኋላ ጥላው ሄደች። መሄዷ ትክክል ነበር። ሳይኮአናሊሲስ የተባለው የፍሮይድ ትምህርት በሳይንስ ዘንድ ያጣውን ክብር ያጣው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ከጥቂት ሰው ታሪክ ተነስቶ ለሰው ልጅ ሁሉ ሕግ እያወጣ፣ "አይደለም" የሚለውንም ታካሚ "እምቢታህ ራሱ ማስረጃ ነው" እያለ።

ደግነቱ ከውስጡ የፈተኑት ሰዎች ወጡ። አሮን ቤክ ፊላደልፊያ ውስጥ በሳይኮአናሊሲስ የሠለጠነ ሐኪም ነበር። ድባቴ ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው የሚለውን የፍሮይድ ሐሳብ ለማረጋገጥ የታካሚዎቹን ሕልም ሰብስቦ መረመረ። ቁጣ ይገኛል ባለበት ያገኘው ማጣትንና አለመቻልን ነው። የሰማውን አመነና ንድፈ ሐሳቡን ተወ፤ ዛሬ በዓለም በስፋት የሚሠራበት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ከዚያ ተወለደ። ኤሪክ ካንዴል ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ ከቪየና የተሰደደ ልጅ ነው፤ ሳይኮአናሊስት ሊሆን ሕክምና ገብቶ የባሕር ቀንድ አውጣ ነርቮችን ሲያጠና ኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ተሸለመ። ሳይኮአናሊሲስን አልረገመውም፤ ሥነ ሕይወትን ተቀብለህ ራስህን አስፈትን ብሎ ለመነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆናታን ሼድለር ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ፣ ከፍሮይድ የተወለደው የንግግር ሕክምና ከሌሎቹ እንደማያንስ ጽፏል። የጥናቶቹን ጥራት የሚሞግቱ አሉ፤ ቢሆንም ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሰሌዳ ማጥፋት ትክክል አይደለም። እውነቱን ለመናገር የአክስቴ ልጅ አልተረታም። እኔም አልተረታሁም።

አክስቴ ቡና እየቆላች ስትሰማን ቆይታ "እናቴ ዛር ነበረባት" አለች። ሁለታችንም ዝም አልን። "ዛሯ ሲመጣ ነው አባቴን የምትቆጣው። በሌላ ጊዜ ቀና ብላም አታየው። ዛሩ ሲናገር ግን አባቴ ተነስቶ ይቆም ነበር፣ የጠየቀውንም ይገዛል።"

ይህ ወሬ የጎንደርን ዛርና ፍሮይድን የሚያገናኝ አንድ እውነተኛ ታሪክ አስታወሰኝ። ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ፓሪስ ላይ አድሪያን ቦሬል ከተባለ ሐኪም ዘንድ ሳይኮአናሊሲስ ሲከታተል ቆይቶ፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የጥናት ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ገባ። እዚያ መልካም አየሁ በተባሉ የዛር መሪ ቤት ውሎና አምሽቶ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት የሚባለውን ሁሉ ጻፈ። በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን የሚኖሩት ቴአትር አድርጎ አየው፤ ማታለል አይደለም፣ ሰዎቹ ያምኑበታል፣ ግን በሌላ ስም ሆነው የሚናገሩበት መድረክ ነው። የዛርን ቤትና የፍሮይድን ክፍል አንድ ናቸው አልልም። በአንዱ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይዘፍናል፣ መንፈሱ ስም ተሰጥቶት ይለመናል፤ በሌላው አንድ ሰው ለአንድ ሰው በዝግ በር ይናገራል፣ የተናገረውም የራሱ መሆኑን እንዲቀበል ይጠበቅበታል። አያቴ ግን ቁጣዋን የምታወጣበት በር ነበራት፤ አክስቴ ቪየና ላይ ያም አልነበራትም።

ዛሬ በስልካችን የሚመጣው ነገር ያሳስበኛል። በአማርኛ የሚሠሩ አጫጭር ቪዲዮዎች "ትራውማ አለብሽ"፣ "ባልሽ ናርሲሲስት ነው" እያሉ በአንድ ደቂቃ ፍርድ ይሰጣሉ። ቃላቱን በሰፊው ያሠራጩት ፍሮይድና ተከታዮቹ ናቸው፤ ማዳመጡ ግን አብሮ አልመጣም። አድለር ያላየውን ልጅ እንደ ፈረደበት ነው፣ አሁን ደግሞ ለመቶ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ። አንዲት ልጅ ስለ ራሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትናገር ስም ተለጥፎባት ታድራለች። ይህ ይጎዳል።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፣ የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በር ላይ ወረፋ ያለበት ሐኪም ለአንድ ሰው ሙሉ ሰዓት ይስጥ ማለት አይቻልም። ዚምባብዌዎች ግን መላ አግኝተዋል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ሰፈር የሚያከብራቸውን አያቶች አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጠ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። ሥራው በጥናት ተፈትኖ በ2016 ውጤቱ ታትሟል፣ ጠቅሟል። እንዲህ ያሉ እናቶች እኛም አሉን።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያጻፈኝ አንድ ነገር ቀርቷል። ያን ማታ ልጇ ከተኛ በኋላ "ለምን እስከ ዛሬ ሐኪም ዘንድ አልሄድሽም?" አልኳት። ሄጄ ነበር አለችኝ። ቪየና ከገባች ጥቂት ዓመት እንደሆናት እንቅልፍ አጥታ፣ ሐኪሟ ወደ ንግግር ሕክምና ላካት። ጀርመንኛዋ ገና ስለነበር አስተርጓሚ ቀረበላት። በሩን ከፍታ ስትገባ አስተርጓሚዋ የማርያም ማኅበር አብራት የምትጠጣ ሴት ሆና አገኘቻት። ባለሙያዋ "ምን ይሰማሻል?" አለቻት። አክስቴ ሰዓቱን ሙሉ ስለ ጉልበቷ ሕመም ብቻ ተናግራ ወጣች። ዳግመኛ አልሄደችም። ጥርጣሬዋ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ከዚያው ክፍል ወጥቶ ቡና ላይ ሲወራ ሰምታ ታውቅ ነበር።

ጀርመንኛዋ በቂ ሆኖ ነበርና በቀጣዩ ዓመት ራሷ ሄዳ በየሳምንቱ ከአንዲት ባለሙያ ጋር መነጋገር ጀመረች። ኦስትሪያ ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ አቋቁማዋለች፤ ምሥጢር መጠበቅም ግዴታ ነው። ሕልሙ አልጠፋም፣ ግን ተነስታ ውሃ ጠጥታ መልሳ ትተኛለች። ጉልበቷ አሁንም ያማታል። ይህን ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃት "ስሜን ተዪውና ጻፊው፣ ለአስተርጓሚዎቹ አድርሺልኝ" አለችኝ።

ስለዚህ በአውሮፓም፣ በአሜሪካም፣ በእስራኤልም፣ በአረብ አገርም በሐኪምና በወገንህ መካከል ቆመህ የምታስተረጉም ወንድሜ፣ እህቴም፦ በዚያ ክፍል የሰማኸውን ለሚስትህም አትንገር፣ ለጓደኛሽም አትንገሪ። የምታውቀው ሰው ከገባ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት "እኔ አውቃታለሁ፣ ሌላ ሰው ይምጣላት" በል።